ፋብሪካ አውቶሞቢልን በአጋማሽ ዕድሜው ሲያድስ ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ ነገር

ለመለዋወጫ ዕቃ አስመጪዎችና ለባለመደብሮች የቀረበ ጥናት

አንድ የአውቶሞቢል ፋብሪካ አንድ ሞዴል ሠርቶ ለገበያ ካቀረበ በኋላ፣ ያ ሞዴል ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ቀን ሳይለወጥ ይኖራል ማለት አይደለም። ጥቂት ዓመታት ከተሸጠ በኋላ የፊቱ መልክ ይታደሳል፤ መብራቱ፣ ፓራውልቱና ክሩስኮቱ ይለወጣሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ከውጭ የማይታዩት ሞተሩና መሪው ጭምር ይለወጣሉ። ይህን ሥራ በዚህ ጽሑፍ «የአጋማሽ ዕድሜ እድሳት» እንለዋለን። አውቶሞቢሉ አዲስ ተወለደ አይባልም፤ አካሉ ያው ሆኖ ልብሱን፣ አንዳንድ ጊዜም የውስጥ ብልቱን የለወጠ ነው።

ይህ እድሳት ለፋብሪካው ሽያጩን የሚያነቃቃበት ዘዴ ነው። መለዋወጫ ዕቃ ለሚያስመጣና ለሚሸጥ ነጋዴ ግን ነገሩ በቀጥታ ካፒታሉን የሚነካ ጉዳይ ነው። ምክንያቱም ከእድሳቱ በፊት ለነበረው የሚሆን ዕቃ ከእድሳቱ በኋላ ለመጣው ላይሆን ይችላል፤ ሁለቱ አውቶሞቢሎች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠሩት በአንድ ስም ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ነጋዴ 40 የፊት መብራቶችን እያንዳንዱን በ3,000 ብር ሒሳብ አስመጣ እንበል። ጠቅላላ ወጪው 120,000 ብር ነው። ከነዚህ 25ቱን እያንዳንዱን በ3,900 ብር ቢሸጥ 97,500 ብር ያገኛል። በተሸጡት ላይ ብቻ ሲታሰብ 22,500 ብር አተረፈ ይባላል። የቀሩት 15 መብራቶች ግን ከእድሳቱ በፊት ለነበረው ሞዴል የተሠሩ ሆነው ጠያቂ አጡ። እንግዲህ ነጋዴው ካወጣው ገንዘብ ገና 22,500 ብር አልተመለሰለትም፤ አተረፍሁ ባለበት መጠን ልክ ከሣጥኑ ጎድሎበታል ማለት ነው። 45,000 ብር የወጣበት ዕቃም በመደርደሪያው ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ይህን ጉዳት ያመጣው የገበያ መቀዝቀዝ ሳይሆን፣ ዕቃው ሲታዘዝ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ሳይጠየቅ መቅረቱ ነው።

ስለዚህ ቀጥለን ፋብሪካዎች ስለ ምን እንደሚያድሱ፣ ምን እንደሚለውጡና ምን እንደሚተዉ፣ በአንድ በታወቀ የቤተሰብ ስቴሽን ዋገን ታሪክ እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስ ያስፈልጋል።

1. ፋብሪካ ስለ ምን ያድሳል?

የመጀመሪያው ምክንያት የወጪ ጉዳይ ነው። የአውቶሞቢልን አካል ከላሜራ ለማውጣት ለጣሪያው፣ ለወለሉ፣ ለእያንዳንዱ በር የተለየ ትልቅ የብረት ማተሚያ ቅርጽ ያስፈልጋል። እነዚህ ማተሚያዎች እጅግ ብዙ ገንዘብ የሚፈስባቸው ስለ ሆኑ፣ ፋብሪካው ወጪውን ለመመለስ በነሱ ለብዙ ዓመታት ሊሠራባቸው ይገደዳል። መብራት፣ የራዲያተር ፊት ጌጥ፣ ፓራውልትና ክሩስኮት ግን በንጽጽር ሲታዩ በትንሽ ወጪ ይለወጣሉ። ስለዚህም እድሳት ሲደረግ አስቀድሞ የሚለወጠው የፊትና የኋላ ጫፍ ሲሆን፣ መካከሉ በአመዛኙ እንደ ነበረ ይቀራል።

ስለ ስቴሽን ዋገን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ስቴሽን ዋገን ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከቤት አውቶሞቢሉ ጋር የፊት ግማሹን ተጋርቶ ነው፤ የራሱ የሆነው የጣሪያው ርዝመት፣ የኋላ ጎኑና የኋላ በሩ ነው። በቍጥር ከቤት አውቶሞቢሉ ያነሰ የሚሸጥ ከሆነ፣ የነዚህ ክፍሎች ማተሚያ ወጪውን የሚመልሰው ቀስ ብሎ ነው። ከዚህ የተነሣ የስቴሽን ዋገን ኋላ ከፊቱ ይልቅ ረዥም ዕድሜ ይኖረዋል። የኋላ መስታወትና የኋላ በር ዕቃ የሚይዝ ነጋዴ የፊት መብራት ከሚይዘው ይልቅ በእድሳት ምክንያት የመጐዳቱ ዕድል ያነሰ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሁለተኛው ምክንያት ሕግ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ከ1973 ሞዴል ጀምሮ ፓራውልት ቀላል ግጭትን እንዲችል ሲያዝ፣ ወደዚያ የሚልኩ ፋብሪካዎች ሁሉ የአውቶሞቢላቸውን አፍንጫ ለመለወጥ ተገደዋል። ስለ ጭስና ስለ መብራት የወጡት ሕጎችም እንደዚሁ ሥራ አብዝተውባቸዋል።

ሦስተኛው ምክንያት የገበያ ውድድር ነው። ጎረቤት ፋብሪካ አዲስ መልክ ይዞ ሲወጣ፣ አሮጌው መልክ ዋጋው እንዳይወድቅ መታደስ አለበት። ይህ በማንም ነጋዴ ዘንድ የታወቀ ስለ ሆነ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

2. ምሳሌው፦ የቮልቮ ስቴሽን ዋገን

የስዊድኑ የቮልቮ ፋብሪካ በ1966 «140» የተባለውን ተከታታይ ሞዴል አወጣ። ቍጥሩ ትርጕም ነበረው፤ የመጀመሪያው አሐዝ ተከታታዩን፣ ሁለተኛው የሲሊንደሩን ብዛት፣ ሦስተኛው የበሩን ብዛት ያመለክታል። እንግዲህ 142 ማለት ባለ 4 ሲሊንደር ባለ 2 በር፣ 144 ባለ 4 በር፣ 145 ደግሞ የኋላ በሩ ተቈጥሮ ባለ 5 በር፣ ማለትም ስቴሽን ዋገኑ ነው። ስቴሽን ዋገኑ ለገበያ የቀረበው በ1967 መጨረሻ ገደማ ነው። የ140 ተከታታይ እስከ 1974 ድረስ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ከዚህ በኋላ በዚህ ቤተሰብ ላይ የደረሱት ለውጦች ለነጋዴ አራት የተለያዩ ትምህርቶችን ይሰጣሉ።

ሀ. ስሙም፣ ግማሽ አካሉም የተለወጠበት እድሳት

በ1974 በበጋው መጨረሻ ፋብሪካው ለ1975 ሞዴል «240» የተባለውን አወጣ፤ ስቴሽን ዋገኑም ከ145 ወደ 245 ተለወጠ። ስሙን ብቻ የሚያይ ሰው ፍጹም አዲስ አውቶሞቢል ይመስለዋል። ነገር ግን ከፊት መስታወቱ ጀምሮ ወደ ኋላ ያለው አካል በአመዛኙ የ145 አካል ነበር። አዲሱ ነገር ያለው ከፊት መስታወቱ በፊት ነው። አፍንጫው ፋብሪካው በ1972 ለደኅንነት ጥናት ሠርቶ ካሳየው የሙከራ አውቶሞቢል የተወሰደ ሲሆን፣ ፓራውልቱ ትልቅና ግጭትን የሚያቀዘቅዝ ሆነ።

ከሥር ያለው ለውጥ ከዚህ ይበልጣል። የ145 የፊት እግር በላይና በታች ክንድ ላይ የተቀመጠ ነበር፤ የ245 ግን ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ በአንድ ዓምድ የተያያዙበት ማክፈርሰን የሚባለው ዓይነት ሆነ። መሪውም እንደዚሁ ነው፤ የቀድሞው የማርሽ ሣጥን ያለው ሲሆን፣ አዲሱ ጥርስ ባለው ዘንግ ላይ የሚሄድ ሆነ። ስለዚህ የ145 የፊት እግርና የመሪ ዕቃ ለ245 ከቶ አይሆንም።

ሞተሩ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያሻዋል። የቀድሞው ቢ 20 የተባለው ሞተር ካምሻፍቱ ከታች በብሎኩ ውስጥ ያለና በማርሽ የሚዞር ነው። አዲሱ ቢ 21 ግን ካምሻፍቱ ከላይ በቴስታታው ውስጥ ያለና በቺንጋ የሚዞር ነው። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ዓመት በአንዳንድ አገሮች የተሸጡት 240ዎች አዲሱን አካል ይዘው አሮጌውን ቢ 20 ሞተር ተሸክመው ወጡ። እንግዲህ አንድ ደንበኛ መጥቶ «የ1975 ቮልቮ 245 የቴስታታ ጓርኒሲዮን» ብሎ ቢጠይቅ፣ ባለመደብሩ የሞተሩን ዓይነት ሳይጠይቅ ቢሸጥለት ስሕተት ሊሠራ ይችላል። አካል ሲታደስ ሞተርም አብሮ ይታደሳል ብሎ ማሰብ አይገባም፤ ሞተር የራሱ ዕድሜና የራሱ ስም አለው።

ለ. ስሙ ሳይለወጥ ዕቃው የተለወጠበት እድሳት

በ1980 በበጋው መጨረሻ፣ ለ1981 ሞዴል፣ ያው 240 የፊት መልኩ ታደሰ፤ ፓራውልቶቹ ቀጠን አሉ፤ ክሩስኮቱም ፈጽሞ ተለወጠ። ፋብሪካው ግን ስሙን አልለወጠም። በኛ ሥራ አደገኛው እድሳት ይህ ነው። በ1974ቱ ጊዜ የቍጥሩ መለወጥ ራሱ ነጋዴውን ያስጠነቅቀው ነበር፤ በ1981 ሞዴል ጊዜ ግን የሚያስጠነቅቅ ምልክት በስሙ ላይ አልነበረም። ሁለት 245ዎች ጎን ለጎን ቆመው የአንዱ ክሩስኮት ለሌላው አይገባም።

በዚህ ላይ የመጀመሪያው ገበያ ልዩነት ይጨመራል። በአሜሪካ እስከ 1983 ድረስ የነበረው ሕግ፣ የፊት መብራት መስታወቱና አምፖሉ አንድ ላይ የታሸገ፣ መጠኑም በሕግ የተወሰነ እንዲሆን ያዝ ነበር። ስለዚህ ለአሜሪካ የተላኩት 240ዎች ለአውሮፓ ከቀሩት ጋር በአንድ ዓመት ተሠርተው ሳለ የፊት መብራታቸው ሌላ ነበር፤ ይህም ልዩነት እስከ 1985 ሞዴል ድረስ ቆይቷል። ጭስን የሚመለከተው ሕግም እንደዚሁ ነው፤ ፋብሪካው በ1976 ለ1977 ሞዴል፣ ጭሱን የሚመረምርና ነዳጁን የሚያስተካክል መሣሪያ ከጭስ ማጣሪያ ጋር አድርጎ ለካሊፎርኒያ ገበያ አውጥቷል። ወደ ሌላ ገበያ የሄደው ያን አልያዘም።

መሪው በቀኝ ወይስ በግራ መሆኑም ሊጠየቅ ይገባል። በግራ መንገድ ለሚነዳበት አገር የተሠራ የፊት መብራት ዝቅ ሲል ብርሃኑን የሚያዘነብለው ወደ ግራ ዳር ነው፤ በቀኝ በሚነዳበት አገር ቢገጠም ግን ፊት ለፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። ስዊድን ራስዋ ከግራ ወደ ቀኝ የተሻገረችው በሴፕቴምበር 3 ቀን 1967 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በአገሩ ያሉት አውቶሞቢሎች የፊት መብራታቸውን መለወጥ ግድ ሆኖባቸዋል። አገራችን ይህን የፈጸመችው ቀደም ብላ በ1956 ዓ.ም. ነው።

ሐ. ስሙ ተለውጦ ዕቃው ያልተለወጠበት ጊዜ

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ፋብሪካው የበሩን ብዛት የሚያመለክተውን አሐዝ ተወ፤ 244ም ሆነ 245 ሁሉም «240» ተባሉ። በዚህ ጊዜ የተለወጠው በኋላ በሩ ላይ የተለጠፈው ምልክት እንጂ አውቶሞቢሉ አልነበረም። ስሙን ብቻ አይቶ «245 ቀርቷል፤ አሁን ያለው 240 ነው» ብሎ ያለውን ዕቃ በርካሽ የሚያራግፍ ነጋዴ ያለ ምክንያት ይከስራል። ይህን የሚያውቅ ጎረቤቱ ደግሞ ያንኑ ዕቃ በርካሽ ገዝቶ በሙሉ ዋጋ ይሸጠዋል።

መ. ስሙ ጸንቶ አውቶሞቢሉ በሙሉ የተለወጠበት ጊዜ

ይኸው ፋብሪካ በ1993 «850» የተባለውን ስቴሽን ዋገን አወጣ። በ1996 መጨረሻ ይህ አውቶሞቢል ታድሶ «ቪ 70» የሚል አዲስ ስም ተሰጠው፤ አካሉ ግን በመሠረቱ የ850 ነበር። ከዚያም በ2000 ፋብሪካው ከመሠረቱ ሌላ የሆነ አውቶሞቢል ሠርቶ ያንኑ «ቪ 70» የሚለውን ስም ሰጠው። እንግዲህ 850ና የመጀመሪያው ቪ 70 ስማቸው የተለያየ የአንድ ቤት ልጆች ሲሆኑ፣ ሁለቱ ቪ 70ዎች ደግሞ አንድ ስም የያዙ ባዕዶች ናቸው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የአውቶሞቢልን ስም ግን የሚያወጣው የፋብሪካው የሽያጭ ክፍል ነው። ስለዚህ ነጋዴ በስም ላይ ተመሥርቶ ገንዘቡን ማውጣት አይገባውም።

3. ስለ ሞዴል ዓመትና ስለ ሻንሲ ቍጥር

ብዙ ስሕተት የሚነሣው «የስንት ዓመት ነው?» ከሚለው ጥያቄ ነው። አንድ አውቶሞቢል ሁለት ዓመታት አሉት፤ አንደኛው በፋብሪካ የተሠራበት ዓመት፣ ሁለተኛው የሞዴሉ ዓመት ነው። የቮልቮ ሠራተኞች በሐምሌ የበጋ ዕረፍታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ፣ ፋብሪካው የሚቀጥለውን ዓመት ሞዴል መሥራት ይጀምር ነበር። ስለዚህ በኦክቶበር 1980 የተሠራው 245 በመዝገብ ላይ 1980 ቢባልም፣ ሞዴሉ 1981 ነው፤ አዲሱን ክሩስኮት ይዟል ማለት ነው። በማርች 1980 የተሠራው ግን ያንኑ ዓመት እየተጠራ አሮጌውን ይዟል።

ይህን ለማስታወስ ለኛ ቀላል መንገድ አለን። የሞዴሉ ዓመት እንደ ኛ ዘመን መለወጫ ከመስከረም አካባቢ የሚጀምር ነው ብሎ መያዝ ይበቃል። የ1981 ሞዴል የተሠራበት ጊዜ ከ1973 ዓ.ም. ጋር በጣም ተቀራራቢ ነው። ሆኖም ይህ ለማስታወሻ ያህል እንጂ ለማዘዣ የሚበቃ አይደለም። ሌሎች ፋብሪካዎች እድሳታቸውን በሌላ ወር ስለሚያደርጉ፣ እርግጠኛው ምስክር የሻንሲ ቍጥሩ ነው።

በ1981 ሞዴል በአሜሪካ ግዴታ የሆነው የሻንሲ ቍጥር 17 ፊደልና አሐዝ ያለው ነው። ከግራ ሲቈጠር 10ኛው ላይ ያለው የሞዴሉን ዓመት ያመለክታል። የላቲኑ ፊደል ቢ 1981ን፣ ሲ 1982ን፣ ዲ 1983ን፣ ኢ 1984ን፣ ኤፍ 1985ን፣ ጂ 1986ን፣ ኤች 1987ን ያመለክታል። አይ የተባለው ፊደል 1 አሐዝን ስለሚመስል ተዘሎ ጄ 1988 ይሆናል፤ ኬ 1989፣ ኤል 1990፣ ኤም 1991፣ ኤን 1992 ነው። ኦ የተባለውም ዜሮን ስለሚመስል ተዘሎ ፒ 1993 ይሆናል። ከ2001 እስከ 2009 ድረስ ደግሞ ከ1 እስከ 9 ያሉት አሐዞች ተጽፈዋል፤ በ2010 ወደ ኤ ተመልሷል።

ነገር ግን ይህ ደንብ በየፋብሪካውና በየገበያው አንድ ዓይነት አይደለም። ከአሜሪካ ውጭ ለሚሸጡ አውቶሞቢሎች በ10ኛው ቦታ የሞዴል ዓመት የማይጽፉ ፋብሪካዎች አሉ፤ ለጃፓን ለራስዋ ገበያ የተሠሩትም 17 ፊደል የሌለው አጭር የሻንሲ ቍጥር ነው ያላቸው። በእንደዚህ ያለ ጊዜ ቍጥሩን በሙሉ ገልብጦ ለአቅራቢው መላክ እንጂ በግምት መተርጐም አይገባም።

4. የማዘዣ ደብዳቤ አጻጻፍ

በንግድ ቤት ውስጥ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በመጨረሻ የሚያርፈው በማዘዣ ደብዳቤው ላይ ነው። የሚከተለው ጉድለት ያለበት ማዘዣ ነው፦

«ለ1981 ቮልቮ ስቴሽን ዋገን የሚሆን 20 የፊት መብራት ላኩልን።»

ይህን የተቀበለ አቅራቢ 1981 የሞዴል ዓመት ይሁን የተሠራበት ዓመት አያውቅም፤ አውቶሞቢሉ መጀመሪያ ለአሜሪካ ይሁን ለአውሮፓ የተሠራ አያውቅም፤ የቀኝና የግራውን ክፍያ አያውቅም። በመጋዘኑ የበዛውን ቢልክ ሊወቀስ አይችልም። ከዚህ ይልቅ እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦

«ቮልቮ 245 ስቴሽን ዋገን፤ የሞዴል ዓመት 1981፤ ሙሉ የሻንሲ ቍጥሩ ከዚህ ጋር ተያይዟል፤ የሞተር ዓይነት ቢ 21፤ መጀመሪያ ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ፤ መሪው በግራ። የቀኝ የፊት መብራት 10፣ የግራ የፊት መብራት 10። የፋብሪካውን የዕቃ ቍጥር ከላይ ጽፈናል፤ ይህ ቍጥር በሌላ ቍጥር ተተክቶ እንደ ሆነ ዕቃውን ከመጫናችሁ በፊት አስታውቁን።»

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ተራ ነገር አይምሰል። ፋብሪካዎች አንድን ዕቃ ሲያሻሽሉ አሮጌውን የዕቃ ቍጥር ሰርዘው በአዲስ ይተካሉ። አዲሱ አንዳንድ ጊዜ ለአሮጌውም ለታደሰውም ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ተጨማሪ ማያያዣ ይፈልጋል። የተተካ ቍጥር መኖሩን አስቀድሞ ያወቀ ነጋዴ፣ ዕቃው ከጉምሩክ ከወጣ በኋላ ከሚያውቀው ይልቅ ብዙ ገንዘብና ብዙ ክርክር ያተርፋል።

5. ስለ መደርደሪያና ስለ ዋጋ

በመደብር ውስጥ ያለውን ዕቃ በአውቶሞቢል ስም ብቻ መደርደር የተለመደ ነው። ከላይ ያየነው ታሪክ ግን በሦስት ክፍል መደርደር እንደሚሻል ያስረዳል።

በመጀመሪያው ክፍል በእድሳት ያልተለወጡ፣ ለብዙ ዓመታት የሚያገለግሉ ዕቃዎች ይቀመጣሉ። የስቴሽን ዋገን የኋላ ክፍል ዕቃና ብዙ ዘመን የቆየ ሞተር ዕቃ በዚህ ይመደባል። እነዚህን በብዛት ገዝቶ ማስቀመጥ ብዙ ሥጋት የለበትም።

በሁለተኛው ክፍል በታወቀ የሞዴል ዓመት የተለወጡ ዕቃዎች፣ ማለትም መብራት፣ ፓራውልት፣ ክሩስኮት፣ የራዲያተር ፊት ጌጥ ይቀመጣሉ። በእያንዳንዱ ላይ «እስከዚህ ሞዴል ዓመት»፣ «ከዚህ ሞዴል ዓመት ጀምሮ» የሚል ወረቀት ሊለጠፍበት ይገባል። እነዚህን በጥቂቱ፣ እንደ ጠያቂው ብዛት ማዘዝ ይሻላል።

በሦስተኛው ክፍል የፍሬን፣ የመሪና የፊት እግር ዕቃዎች ይቀመጣሉ። እነዚህን ከሌሎቹ የሚለያቸው ስሕተቱ በገንዘብ ብቻ የማይመለስ መሆኑ ነው። ያልሆነ መብራት ቢገዛ አይገባም፤ ደንበኛውም መልሶ ያመጣዋል። ሊገባ የሚቀርብ ግን ያልተካከለ የመሪ ዕቃ በጋራዥ ተፍቆና ተገፍቶ ቢገጠም፣ የቤተሰብ አውቶሞቢል እንደ መሆኑ አደጋው በሚጫኑት ልጆች ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ባለመደብር እነዚህን ዕቃዎች የሻንሲ ቍጥር ሳያይ ባይሸጥ መልካም ነው። አሮጌው ዕቃ በእጁ ላለ መካኒክም «አምጣውና እናስተያየው» ማለት ጊዜ ማጥፋት አይደለም።

ስለ ዋጋም አንድ ነገር እንጨምር። እድሳት በተደረገ ማግሥት የአሮጌው መልክ ዕቃ ይረክሳል፤ ብዙ ነጋዴም ለማራገፍ ይቻኰላል። ይሁን እንጂ ፋብሪካው አሮጌውን ዕቃ መሥራት የሚቀንሰው በዚህ ጊዜ ነው፤ አውቶሞቢሎቹ ግን በመንገድ ላይ ናቸው። በአገር ውስጥ ምን ያህል አሮጌው ሞዴል እንዳለ የሚያውቅ ነጋዴ፣ የረከሰውን በልክ ገዝቶ ቢጠብቅ ሊያተርፍበት ይችላል። በልክ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስንት አውቶሞቢል እንዳለ ሳያውቁ መግዛት ቀድሞ ወደ ተናገርነው ወደ 15ቱ መብራቶች ይመልሳል።

6. ለላኪዎች የሚሆን ትምህርት

ይህ ታሪክ ዕቃ ወደ ውጭ ለሚልኩም የሚነግረው አለው። የቮልቮ ፋብሪካ በ1982 «700» የተባለውን አዲስ ተከታታይ ጀመረ፤ በ1984 የወጣው 740 የ240ን ቦታ ይወስዳል ተብሎ የታሰበ ነበር፤ በ1985ም ስቴሽን ዋገኑ ተጨመረ። ነገር ግን 740 በ1992 ሲቆም፣ ይተካዋል የተባለው 240 ገና ይሠራ ነበር። የመጨረሻው 240 ከፋብሪካ የወጣው በሜይ 1993 ሲሆን፣ በጠቅላላው ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ገዢዎቹ የወደዱትን ሰፊ የኋላ ክፍልና ጥንካሬ ሳይነካ፣ ሕግና ዘመን የጠየቁትን ብቻ በየጊዜው መለወጡ ዕድሜውን አረዘመለት።

ቡና፣ ቅመም ወይም ቆዳ የሚልክ ነጋዴም ገዢው የለመደውን የጥራት ደረጃ ሳይነካ፣ የተቀባዩ አገር ሕግ የሚጠይቀውን የማሸጊያና የምስክር ወረቀት ለውጥ በጊዜው ቢያደርግ፣ የቆየ ደንበኛውን ይዞ መኖር ይችላል። ለውጡንም ከዕቃው በፊት በደብዳቤ ቢያስታውቅ፣ ተቀባዩ ሌላ ዕቃ የተላከለት አይመስለውም።

መደምደሚያ

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ቍጥር 1186/2012 በአሮጌ አውቶሞቢሎች ላይ የሚከፈለውን ታክስ ከፍ እንዳደረገው፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት እንደ ከለከለ ይታወሳል። የእንደነዚህ ያሉ ውሳኔዎች ውጤት በመለዋወጫ ገበያ ላይ ግልጽ ነው። ቀድሞ የገባው አውቶሞቢል በሌላ ስለማይተካ በእጅ ያለው ይጠገናል፤ የ20ና የ30 ዓመት አውቶሞቢል ባለቤት ዕቃ ፍለጋ ወደ ሶማሌ ተራ ይመላለሳል። እድሳት ያለፈባቸው ሞዴሎች ብዙዎች በሆኑበት መንገድ ላይ፣ ትክክለኛውን ዕቃ ለይቶ የሚያውቅ መደብር ደንበኛው ይበዛል።

ስለዚህ ነጋዴው ዕቃ ከማዘዙ በፊት አምስት ጥያቄዎችን እንዲጠይቅ እናሳስባለን። የሞዴሉ ዓመት ስንት ነው? የሻንሲ ቍጥሩ በሙሉ ተጽፏል ወይ? የሞተሩ ዓይነት ምንድን ነው? አውቶሞቢሉ መጀመሪያ የተሠራው ለየትኛው ገበያ ነው? የዕቃው ቍጥር በሌላ ተተክቷል ወይ? እነዚህን ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ጥቂት ደቂቃና አንድ ወረቀት ነው። ሳይጠየቁ ቢቀሩ የሚታሰረው ገንዘብ ግን ለብዙ ዓመታት በመደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።